የቆሽት ብግነት ሲከብድ፦ ኢንተርሉኪን-6፣ ሲአርፒ፣ ፕሮካልሲቶኒን ወይስ የአልጋ ዳር ቆጠራ?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል የሠራ ሰው ይህን ታካሚ ያውቀዋል። ሕመሙ ከእንብርት በላይ ይጀምርና ጀርባ ድረስ ዘልቆ ይወጋል። ትውከቱ አያባራም፤ ጎንበስ ብሎ ሲቀመጥ ብቻ ትንሽ ቀለል ይለዋል። ቤት ውስጥ «ጨጓራው ተነሥቶበት ነው» ተብሎ ከመድኃኒት ቤት ኦሜፕራዞል ተገዝቶለታል፤ አልረዳውም። ሆስፒታል ደርሶ ላይፔዝ (ስብ የሚፈጭ የቆሽት ኢንዛይም) በደሙ ውስጥ ሲለካ ከመደበኛው ጣሪያ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ይገኛል። ሕመሙና ላይፔዙ ሁለቱ ከተገኙ የቆሽት ብግነት መሆኑን ለመናገር ሌላ ነገር አይጠበቅም። አስቸጋሪው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ከአምስት ታካሚዎች አራቱ ያህል በሳምንት ውስጥ ተሽሏቸው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ይህኛው ከአራቱ አንዱ ነው ወይስ ነገ ሳንባውና ኩላሊቱ የሚከዱት?

ይህን አስቀድመን እንነግራችኋለን የሚሉ ምርመራዎች ሞልተዋል። እዚህ የማነጻጽራቸው ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ ሸዋ ሮቢት ወይም ዓለም ከተማ ላይ ሆኖ ለሚወስን ሰው ነው፤ ለጀማሪ ሐኪም፣ ለነርስ፣ «የቱን እናሠራ?» ብሎ ለሚጨነቅ አስታማሚም ጭምር። አቋሜን ከፊት ላስቀምጥ፦ ምርመራ የሚመረጠው በስሙ ግዝፈት አይደለም። ሕመሙ ከጀመረ ስንት ሰዓት ሆነው? ምርመራውን ነገም ከነገ ወዲያም ደግመን ልንሠራው እንችላለን? እነዚህ ሁለቱ ናቸው የሚወስኑት።

ሞለኪውሎቹ የሚሠሩት ሥራ

ቆሽት ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን የሚያመርተው ባልነቃ መልክ ነው። ትሪፕሲኖጅን ወደ ትሪፕሲን የሚቀየረው አንጀት ከገባ በኋላ መሆን አለበት። የሐሞት ጠጠር መውጫውን ሲዘጋው ወይም አልኮል ሴሎቹን ሲመርዛቸው ግን በሴሉ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከልክ ያልፋል፤ ካቴፕሲን ቢ የሚባለው ኢንዛይም ትሪፕሲኖጅኑን እዚያው ሴሉ ውስጥ ያነቃዋል። በእነዚያው የመጀመሪያ ሰዓታት ኤንኤፍ-ካፓ ቢ የተባለው የጂን ማብሪያም ይበራና ሴሉ ሳይቶካይኖችን፣ ማለትም ብግነትን የሚያዙ መልእክተኛ ሞለኪውሎችን፣ ማምረት ይጀምራል። ቀድሞ ታሪኩ በሙሉ «ቆሽት ራሱን ፈጨ» በሚለው ይቋጭ ነበር። አሁን ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን እንደሚሄዱ ይታወቃል፤ ሕመሙን ከቆሽት አውጥቶ ሳንባ ድረስ የሚወስደውም ሁለተኛው ነው።

በገጠር ሌሊት ኡኡታ ሲሰማ የሚሆነውን አስቡ። መንደሩ ዱላውንና ባትሪውን ይዞ ይወጣል። ሌባው አንድ ነው፤ እህሉን የሚረግጠው ግን የመጣው ሰው ነው። እዚህ ኡኡታውን ቀድመው የሚያሰሙት ቲኤንኤፍ-አልፋና ኢንተርሉኪን-1 ቤታ ናቸው። ኢንተርሉኪን-8 ኒውትሮፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ይጠራል። ኢንተርሉኪን-6 ጉበት ድረስ ደርሶ ሲአርፒ የተባለው የብግነት ፕሮቲን እንዲመረት ያዛል። የተጠሩት ሴሎች ቆሽቱ ላይ ብቻ አይቆሙም፤ ሳንባ ውስጥ ገብተው ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ይጎዳሉ።

ከሁሉ በላይ ልብ የምንለው የደም ሥሮቹን ግድግዳ ነው። ሳይቶካይኖቹ ግድግዳውን ያላሉታል፤ የደሙ ውኃ ወደ ሆድና ወደ ሕብረ ሕዋስ ይሰርጋል። ሥሩ ውስጥ የቀረው ደም ስለሚወፍር ሄማቶክሪት፣ ማለትም ቀይ የደም ሴሎች በደሙ ውስጥ የያዙት ድርሻ፣ ይጨምራል። ኩላሊት የሚደርሰው ደም ስለሚያንስ በሽንት መወገድ የነበረበት ዩሪያ በደሙ ውስጥ ከፍ ይላል። ሳንባው ውኃ ስለሚይዝ ትንፋሽ ይፈጥናል። እንግዲህ ሲቢሲ (ሄማቶክሪትን የሚያሳየው ሙሉ የደም ቆጠራ) እና ዩሪያ የድሃ ሆስፒታል መጽናኛ አይደሉም። ኢንተርሉኪን-6ን የሚለካ ሰው ትእዛዙን ይለካል፤ ሄማቶክሪትንና ዩሪያን የሚለካ ሰው ትእዛዙ ሰውነት ላይ ያደረሰውን ይለካል።

ሰውነት ማብረጃም አለው። ኢንተርሉኪን-10 ብግነቱን ለማርገብ ይወጣል፤ ነገር ግን ማርገቡ ሲበዛ መከላከያው ይዳከማል። በከባድ የቆሽት ብግነት ሞት በሁለት ሞገድ የሚመጣውም ለዚህ ነው። አንደኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የአካል ክፍሎች ሥራ በማቆማቸው ነው። ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው ሳምንት ወዲያ፣ የሞተው የቆሽት ሥጋ በባክቴሪያ ሲበከል ነው። በመጀመሪያው ሞገድ የሚጠቅም ምርመራ ለሁለተኛው ላይሆን ይችላል።

ኢንተርሉኪን-6

ከሁሉ የቀደመ ምልክት ነው። ሕመሙ ከጀመረ በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፤ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከሲአርፒ በአንድ ቀን ያህል ይቀድማል። በመጀመሪያው ቀን ከባዱን ከቀላሉ በመለየት በጥናቶች ጥሩ ውጤት አለው፤ ይህን አልነፍገውም።

ችግሩ እዚህ ሲመጣ ነው። ናሙናው ቶሎ ተጣርቶ በቅዝቃዜ መያዝ አለበት፤ መሣሪያው በየላብራቶሪው የለም፤ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ ውጤቱ ሲመለስ የቀዳሚነቱ ጥቅም አብሮ ያልፋል። ቀደም ብሎ የሚናገር ምርመራ ዘግይቶ ከደረሰ ምን ቀረለት?

አንድ የመንዝ ሰው፣ በርኖስ እንደለበሰ፣ ታናሽ ወንድሙን ሲያስታምም ያነሣውን ጥያቄ ብዙ ቤተሰብ ይጠይቀዋል።

«ዶክተር፣ እዚህ የሌለውን ትልቁን የደም ምርመራ አዲስ አበባ ልከን ብናሠራለትስ? ብሩን ከየትም ብለን እናመጣለን።»

«ጋሼ፣ ሕመሙ መቼ ነው የጀመረው?»

«ሐሙስ ማታ። እራቱን በልቶ ጋደም እንዳለ፣ ወደ 2 ሰዓት ግድም።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት። 38 ሰዓት ሆኖታል። ያ ምርመራ የሚጠቅመው አርብ በእጃችን ቢኖር ነበር። አሁን ቢላክ ውጤቱን ሰኞ ነው የምናየው። ዛሬ ማታ ሌላ ደም እንወስዳለን፤ እሱ ይበቃናል።»

«እንግዲህ እርስዎ ያሉት ይሁን። ብቻ ገንዘብ አጥሮ እንዳይመስልዎ።»

ሰውየው ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ያልተነገረው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ከመንዝም ሆነ ከመርሐቤቴ የሚመጣ ታካሚ በመጀመሪያው ቀን የሚደርስ ብርቅ ነው። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ መኪና ጥበቃ፣ ከዚያ መንገድ አለ። ኢንተርሉኪን-6 የሚያበራው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ የኛ ሰው በዚያ ሰዓት ገና መንገድ ላይ ነው።

ጥናት ለሚሠራ ሰው ሌላ ነገር ነው፤ የራሳችን ታካሚዎች ውስጥ ቢለካ ደስ ይለኛል። ለዛሬው ውሳኔ ግን አልመርጠውም።

ሲአርፒ

ሲአርፒ የኢንተርሉኪን-6 ተከታይ ነው፤ ጉበት የሚያመርተው በእሱ ትእዛዝ ስለሆነ ዘግይቶ ይመጣል። ጫፉ ላይ የሚደርሰው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ነው። በ48 ሰዓት ከ150 ሚሊግራም በሊትር በላይ ከሆነ ብግነቱ ከባድ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል፤ በዚያ ሰዓት ከ150 በታች ከሆነ ደግሞ ያጽናናል። ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው በሰዓቱ ነው። በ12ኛው ሰዓት 20 የሆነ ሲአርፒ ታካሚው ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ ጉበቱ ገና ትእዛዙን እየሰማ ነው። በመግቢያ ቀን ሲአርፒ ታዝዞ «ዝቅተኛ ነው» ተብሎ የተኛን ሰው መዘንጋት የተለመደ ጥፋት ነው።

48 ሰዓት የሚቆጠረው ሕመሙ ከጀመረበት እንጂ ካርድ ከወጣበት አይደለም። የመግቢያ ሰዓት ቻርቱ ላይ ተጽፏል፤ የሕመሙ መነሻ ሰዓት ግን ካልጠየቁት አይገኝም። «ከትናንት ወዲያ» የሚለው አይበቃም። ከእራት በፊት ነው በኋላ? መብራት ጠፍቶ ነበር? ዶሮ ጮኾ ነበር? እንዲህ ሲጠየቅ ሰው ሰዓቱን በደንብ ያስታውሳል።

አሁን ደግሞ ወረቀቱን እንየው። ላብራቶሪ የሚመልሰው ሲአርፒ ሦስት መልክ አለው። አንዱ «ፖዘቲቭ» ወይም «ሪአክቲቭ» የሚል ብቻ ነው፤ ይህ በካርድ ላይ ጠብታ ተቀላቅሎ በዓይን የሚታይ የላቴክስ ምርመራ ነው። ከጥቂት ሚሊግራም ጀምሮ ፖዘቲቭ ስለሚል 10ንም 300ንም አንድ ያደርጋቸዋል። ለከባድነት መለያ ምንም አይረባም፤ በዚህ ውጤት ላይ ተመሥርቶ መወሰንም መጽናናትም አይቻልም። ሁለተኛው በሚሊግራም በሊትር የሚጻፍ ነው፤ የምንፈልገው እሱን ነው። ሦስተኛው በሚሊግራም በዴሲሊትር የሚጻፍ ሲሆን ቁጥሩ አሥር ጊዜ ያንሳል። ወረቀቱ ላይ 18 የሚል ካያችሁ አሃዱን ሳታዩ አትለፉ፤ በዴሲሊትር ከሆነ 180 ማለት ነው፤ ከመስመሩ በላይ ነው።

ሌላው ድካሙ ለይቶ አለመናገሩ ነው። ሲአርፒ ለማንኛውም ብግነት ይነሣል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ የመጣ ሰው ወባ ካለበት በወባውም ይጨምራል፤ ደጋ ላይ ያለ ሰው ሳንባ ምች ይዞት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቆላ ለሚመጣ ታካሚ የወባ ምርመራውን አብራችሁ እዘዙ፤ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል።

ድካሙ እንዳለ ሆኖ፣ በቁጥር የሚለካ ሲአርፒ ያለው ሆስፒታል ኢንተርሉኪን-6 አጣሁ ብሎ ማዘን የለበትም።

ፕሮካልሲቶኒን

ይህ ሞለኪውል በጤና ጊዜ ከታይሮይድ ዕጢ የሚወጣው የካልሲቶኒን ሆርሞን ቀዳሚ ነው። ባክቴሪያ ሲገባ ግን ሌሎች ብዙ የሰውነት ክፍሎችም ያመርቱታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድነትን ለመለየት ያገለግላል የሚሉ አሉ፤ እኔ ዋጋውን የማየው ሌላ ቦታ ነው።

ቆሽት የታመመ ሰው ትኩሳት ሲያወጣ እጃችን ሴፍትሪአክሶን ወደተባለው አንቲባዮቲክ ይሮጣል። ትኩሳቱ ግን ከሳይቶካይኖቹ ብቻ ሊመጣ ይችላል፤ በመጀመሪያው ሳምንት አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያ የለም። አንቲባዮቲክን አስቀድሞ ለመከላከያ መስጠት አይመከርም። እንግሊዝ ማንችስተር ውስጥ ተሠርቶ በ2022 የታተመ ጥናት ሐኪሞች ፕሮካልሲቶኒንን እያዩ እንዲወስኑ ሲደረግ አንቲባዮቲክ የወሰዱት ታካሚዎች ከ63 ከመቶ ወደ 45 ከመቶ እንደወረዱ፣ ኢንፌክሽንም ሆነ ሞት እንዳልጨመረ አሳይቷል። መስመራቸው 1 ናኖግራም በሚሊሊትር ነበር።

ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ላገረሸበት፣ «ተበክሎ ይሆን?» ለሚባል ታካሚ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ እዚህ ላይ ይውጣ። እንደ ሲአርፒ ይህም በወባ ሊጨምር ይችላል። ውጤቱ በዚያው ቀን የማይደርስ ከሆነ ግን ታካሚውን እያዩ መወሰን ይሻላል።

ሄማቶክሪትና ዩሪያ

እኔ በመጀመሪያ የማዝዘው እነዚህን ነው፤ በ24 ሰዓት የምደግመውም እነዚህኑ።

ሄማቶክሪት ሲገባ ከ44 ከመቶ በላይ ከሆነና በ24 ሰዓት ፈሳሽ ተሰጥቶትም ካልወረደ፣ የደሙ ውኃ አሁንም እየሰረገ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚሰማ ሰበብ አለ፦ «ከፍታ ነው፤ የኛ ሰው ደሙ ወፍራም ነው።» ከተማው ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኑ እውነት ነው። ሰበቡ ግን ያን ያህል አያስኬድም። በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን ለክቶ ሄሞግሎቢናቸው ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ብዙ እንደማይለይ፣ የደማቸው ኦክስጅን መጠንም በአማካይ 95 ከመቶ ግድም እንደሆነ አግኝቷል። በአንዲስ ተራሮች ያሉ ሰዎች በከፍታ ደማቸው ይወፍራል፤ የኛዎቹ በሌላ መንገድ ነው የለመዱት። ስለዚህ 49 የሆነን ሄማቶክሪት ወይም ጣት ላይ 86 የሚልን ኦክስጅን በተራራው ማሳበብ አደገኛ ነው። መጀመሪያ ሕመሙን ጠርጥሩ።

ዩሪያ ላይ ደግሞ የስም ወጥመድ አለ። መጻሕፍቱ የሚጽፉት ቢዩኤን፣ ማለትም በዩሪያው ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ፣ ነው፤ ብዙ ላብራቶሪ ግን የሚሰጠው ዩሪያን ነው፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ዩሪያውን ለ2.14 ስታካፍሉት ቢዩኤን ይወጣል። ቢሳፕ በሚባለው የከባድነት መለኪያ መስመሩ ቢዩኤን 25 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ በዩሪያ 54 ግድም መሆኑ ነው። ወረቀቱ ላይ ዩሪያ 40 አይታችሁ «ከ25 አለፈ» ካላችሁ ጤነኛውን ታስደነግጣላችሁ።

ከአንድ ቁጥር ይልቅ አካሄዱ ይናገራል። ዩሪያ 38 ሆኖ የገባና በማግስቱ 30 የሆነ ሰው እየዳነ ነው። 34 ሆኖ ገብቶ 52 የሆነው፣ ፊቱ ቢፈካም፣ አልጋውን ነርሷ አጠገብ አድርጉለት።

ቀላሉን ለመለየት ብቻ የተዘጋጀ ሌላ ዘዴም አለ። ሆዱ ሲነካ የማይደነድን፣ ሄማቶክሪቱ ለወንድ ከ43፣ ለሴት ከ39.6 ያልበለጠ፣ ክሬቲኒኑም (ሌላው የኩላሊት መለኪያ) ከ2 ሚሊግራም በዴሲሊትር ያልበለጠ ታካሚ ከባዱ መንገድ ላይ የመሆን ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ሦስቱንም በግማሽ ሰዓት ማወቅ ይቻላል። አልጋ ሲጠብ ማን ተራ ክፍል ይግባ ለሚለው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

የአልጋ ዳር ቆጠራ

«ሰርስ» የሚባለው አራት ነገር ነው፦ ሙቀት ከ38 በላይ ወይም ከ36 በታች፤ የልብ ምት ከ90 በላይ፤ ትንፋሽ በደቂቃ ከ20 በላይ፤ ነጭ የደም ሴል ከ12,000 በላይ ወይም ከ4,000 በታች። ሁለቱ ካሉ ሳይቶካይኖቹ ከቆሽት ወጥተው መላ ሰውነት ውስጥ ናቸው ማለት ነው።

ዋናው መኖሩ አይደለም፤ መቆየቱ ነው። በ2006 የታተመ፣ 759 ታካሚዎችን ያየ ጥናት ላይ ሰርስ ጨርሶ ካልታየባቸው የሞቱት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም፤ ታይቶ ከጠፋላቸው 8 ከመቶ፣ 48 ሰዓት ድረስ ከቆየባቸው ግን ሩብ ያህሉ ሞተዋል። አንዲት ነርስ ቴርሞሜትርና ሰዓት ይዛ በየስድስት ሰዓቱ የምትሞላው ወረቀት ይህን ያህል ይናገራል።

ወረቀቱ እውነት ከሆነ ነው ታዲያ። ቻርት ገልጣችሁ እዩ፤ የሁሉም ሰው ትንፋሽ 20 ነው። ሁላችንም ለምን እንደሆነ እናውቃለን። ለዚህ በሽታ ግን 20 እና 28 የተለያዩ ዓለሞች ናቸው፤ ሙሉ አንድ ደቂቃ ደረቱን እያዩ መቁጠር ያስፈልጋል፤ ታካሚው ሳያውቅ፣ የእጁን ምት የያዛችሁ መስሎት። ሙቀቱም እንዲሁ ነው። በደብረ ብርሃን የኅዳር ሌሊት ጋቢ ገልጦ ብብት ላይ የተለካ 35.8 እውነተኛ መቀዝቀዝ ነው ወይስ ብርዱ? ቴርሞሜትሩን በደንብ አቆይታችሁ ድገሙት።

ስለ ሲቲ ስካን አጭር ቃል፦ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሞተውን ሥጋ አሳንሶ ያሳያል። የበሽታው ማንነት ካላጠራጠረ ለሲቲ ብላችሁ ታካሚውን አታንገላቱት። አልትራሳውንድ ግን በመጀመሪያው ቀን ይሠራ፤ የሐሞት ጠጠርን ይፈልጋል፤ አንዳንዴም ቱቦው ውስጥ የገባ ወስፋት ያሳያል። ላይፔዝ ወይም አሚሌዝ (ሌላው የቆሽት ኢንዛይም) አንዴ ከፍ ማለታቸው ከታወቀ መድገም ትርፉ ወጪ ነው፤ ቁጥሩ የከባድነት መለኪያ አይደለም።

እንግዲህ የቱን?

በመጀመሪያው ቀን ለደረሰ፦ የአልጋ ዳር ቆጠራ፣ ሲቢሲ፣ ዩሪያና ክሬቲኒን፣ በ24 ሰዓት ይደገማሉ። ሲአርፒውን ለሁለተኛው ቀን አቆዩት። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ለደረሰ፣ ማለትም ለአብዛኛው የገጠር ታካሚ፦ እነዚያው ሲደመሩ በቁጥር የሚለካ ሲአርፒ። በመድህን ካርድ ሆስፒታሉ ውስጥ የሚሠራ ካለ እሱ፤ ውጭ ከፍሎ ማሠራት ካስፈለገም ገንዘቡን ለአንድ ሲአርፒ በ48 ሰዓት አውሉት። ከሳምንት በላይ ለቆየና ትኩሳት ላገረሸበት ፕሮካልሲቶኒን ይመጣል፤ ሲቲም ያኔ ዋጋ አለው። ኢንተርሉኪን-6 በዚያው ቀን ውጤት የሚሰጥ ቦታ ካለ እሰየው፤ ከሌለ አትፈልጉት።

ምክንያቱን መጠየቅም አትርሱ፤ ሐሞት ጠጠር ነው ወይስ አልኮል? የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ ከሸዋ አልፎ የሄደ ነው፤ ሰው ግን ቄሱ ወይም አባቱ አጠገቡ ቆመው «እጠጣለሁ» አይልም። አስታማሚውን ወደ ውጭ ላኩና ብቻውን ጠይቁት። ከፋሲካ ማግስት የመጣች ሴት ከሆነች፣ ሐሞት ከረጢት የሚኮማተረው ስብ ሲበላ መሆኑን አስቡ።

ሞለኪውሉን ማቆም ወይስ ሰውየውን መደገፍ

«ነገሩ የሳይቶካይን ከሆነ እሱን የሚያቆም መድኃኒት ለምን አንሰጥም?» የሚል ጥያቄ ተማሪዎች ያነሣሉ፤ ተገቢ ነው። ተሞክሯል። ፕሌትሌት አክቲቬቲንግ ፋክተር የተባለውን የብግነት ምልክት የሚያግደው ሌክሲፓፋንት ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ በ2001 የታተመው ትልቅ ሙከራ ግን የአካል ክፍሎችን ድካም እንዳልቀነሰ አሳየ። ኡኡታው ታካሚው ሆስፒታል ሳይደርስ ተሰምቶ አልቋል፤ አንዱን ጠሪ ዝም ማሰኘት የመጣውን አይመልስም። ቲኤንኤፍን የሚያግደው ኢንፍሊክሲማብ ገና በጥናት ላይ ያለ ነው። ስቴሮይድም ለዚህ በሽታ መደበኛ ሕክምና ሆኖ አይመከርም። አንጀትን ለማጠናከር የተሞከረው ፕሮባዮቲክ ደግሞ የባሰ ነገር አመጣ፤ በ2008 በታተመው የኔዘርላንድ ጥናት ፕሮባዮቲክ ከወሰዱት 16 ከመቶ ሲሞቱ ካልወሰዱት የሞቱት 6 ከመቶ ነበሩ።

የሚሠራው ተራው ነገር ነው። ፈሳሽ ይሰጣል፤ ምርጫው ሪንገር ላክቴት ነው፤ በ2011 የታተመ አነስተኛ ጥናት ከኖርማል ሳላይን ይልቅ በ24 ሰዓት ሰርስንም ሲአርፒንም እንደቀነሰ አሳይቷል። መጠኑ ላይ ግን የቀድሞው ልማድ ተለውጧል። ድሮ «አጥለቅልቁት» ይባል ነበር። በ2022 የታተመ የአራት አገሮች ጥናት በብዛት የተሰጣቸው ታካሚዎች 20.5 ከመቶ ያህሉ በፈሳሽ እንደተጥለቀለቁ፣ በመጠን ከተሰጣቸው ግን 6.3 ከመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳየ፤ በብዛት መስጠቱም የተሻለ ውጤት አላመጣም።

በመጠን ማለት ምን ያህል ነው? 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ውኃ አጥሮት ከመጣ በሁለት ሰዓት 600 ሚሊ፤ ከዚያ በኪሎ 1.5 ሚሊ በሰዓት፣ ማለትም 90 ሚሊ። የፈሳሽ መስጫ ቱቦው («ሴቱ») ለአንድ ሚሊ 20 ጠብታ የሚጥል ከሆነ በደቂቃ 30 ጠብታ ነው፤ በየሁለት ሴኮንዱ አንድ። አንድ ሊትር ከረጢት 11 ሰዓት ይሄዳል። ሽንቱ በሰዓት ከ30 ሚሊ እንዳያንስ ተከታተሉ፤ ትንፋሹ ከፈጠነና ሳንባው ሲደመጥ መንጣጣት ከጀመረ ፈሳሹን ቀንሱ።

ምግብ መከልከልም ያለፈበት ነው። ትውከቱ ካቆመና ከራበው በመጀመሪያው ቀንም ቢሆን ቅቤ የሌለው አጥሚት ወይም ሽሮ ይጀምር። ባዶ አንጀት ግድግዳው ይዳከማል፤ ባክቴሪያውም ወደ ሞተው ቆሽት መንገድ ያገኛል። እናቶች «ትንሽ ላቅምሰው?» ሲሉ «አይሆንም» ከማለታችን በፊት እናስብ።

መቼ ይላክ

ሰርስ 48 ሰዓት ከቆየ፣ ዩሪያ ፈሳሽ እየተሰጠ ከጨመረ፣ ኦክስጅን ሳይሰጠው የደሙ ኦክስጅን መጠን ከ90 ከመቶ በታች ከወረደ፣ ሽንት ከቀነሰ፣ ወይም የላይኛው የደም ግፊቱ ከፈሳሽ በኋላ ከ90 በታች ከሆነ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ወዳለበት ይላክ። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ትኩሳት ካለው ደግሞ ነገሩ የሐሞት ቱቦ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሌሎቹ ምልክቶች እስኪመጡ አይጠበቅም፤ አንቲባዮቲክ ተጀምሮለት ቱቦውን በኢንዶስኮፕ ወደሚከፍቱበት ይሂድ።

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዓለም ከተማ ተነሥቶ የጀማን ሸለቆ ወርዶ ለሚወጣ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ሌሊት ሲብስበት ከመሮጥ፣ አካሄዱ ከታየ ከቀትር በፊት መላክ ይሻላል። ኦክስጅን፣ የሚሠራ የደም ሥር መስመር፣ የሽንት ቱቦ ሳይኖር መኪና ላይ አይውጣ።

ሪፈር ወረቀቱ ላይ «አኪዩት ፓንክሪያታይተስ፣ ለተሻለ ሕክምና» ብቻ ተጽፎ ሲሄድ ተቀባዩ ሐኪም ከዜሮ ይጀምራል። ሕመሙ የጀመረበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ። የመግቢያውንና የ24 ሰዓቱን ሄማቶክሪትና ዩሪያ ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ዩሪያ ይሁን ቢዩኤን ግለጹ። ሲአርፒው በስንተኛው ሰዓት እንደተወሰደ ከአሃዱ ጋር፣ ሰርስ በየስንት ሰዓቱ ስንት እንደነበር፣ እስካሁን የገባው ፈሳሽና የወጣው ሽንት ስንት ሊትር እንደሆነ ይግቡበት። ከቆላ የመጣ ከሆነ የወባ ምርመራው ውጤትም ይኑር። ፎቶውን ደግሞ የአስታማሚው ስልክ ላይ አንሡለት፤ ወረቀት መንገድ ላይ ይጠፋል።